ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ሥዕል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዚህ ስብሰባ እንድናገርበት የተመረጠልኝ ርእስ የባሕር ፎቶግራፍ፣ በተለይም የቀድሞውን የእጅ ሥራ ከዘመኑ ዲጂታል ዘዴ ጋር አዋሕዶ የባሕርን መልክ ስለ መሥራት የሚል ነው። ርእሱ በተነገረ ጊዜ ከመካከላችሁ ጥቂቶቹ ፈገግ ብላችኋል። አልፈርድባችሁም። አብዛኞቻችን የምንሠራው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ነው። ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ የቀይ ባሕርን ማዕበል ለማየት የሚፈልግ ሰው ደጋውን ሁሉ ወርዶ የአፋርን በረሓ ማቋረጥ ይኖርበታል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን የሚደርስበት ዳርቻ የሌላ አገር ነው። ኤርትራ ራሷን ከቻለችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትምና። እንግዲህ ማዕበል ላላየ ፎቶ አንሺ ስለ ማዕበል ፎቶግራፍ መናገር ምን ይረባዋል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው።

በበኩሌ ርእሱን የተቀበልሁት ሌላ ጥያቄ ስላስታወሰኝ ነው። ዛሬ ወደ ፎቶ ቤት የሚመጣ ደንበኛ አንድ መልካም ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ እውነት ነው ወይስ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው?» ብሎ ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም ነበር። ፎቶግራፍ ምስክር ነው ተብሎ ይታመን ነበርና። አሁን ግን እምነቱ ሳስቷል፤ የሙያችንም ክብር ከእርሱ ጋር አብሮ እየሳሳ ነው። የሚያስገርመው ይህ ጥያቄ ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ አለመሆኑ ነው። ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ቀደም ብሎ በግልጥ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ የባሕር ፎቶግራፍ ነበር። ስለዚህ ስለ ባሕር ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለ ራሳችን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ቋንቋችን ባሕርን ከሩቅ የሚመጣ ነገር ሁሉ በር አድርጎ ያውቀዋል። ከውጭ የመጣውን ዛፍ ባሕር ዛፍ አልነው፤ በቆሎንም በአያሌ ስፍራ የባሕር ማሽላ ይሉታል። ጣናን የሚያህል ሐይቅ ደግሞ ራሱ ባሕር ይባላል፤ የክልላችን ርእሰ ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራም የሚፈስሱት ወደዚሁ «ባሕር» ነው። ቀለሙን ሰማያዊ ስንል ግን ስሙን የወሰድነው ከባሕሩ ሳይሆን ከሰማዩ ነው። ይህን የማነሣው ለቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንደምናየው የባሕር ፎቶግራፍ ዋና ችግር የነበረው ባሕሩ ሳይሆን ሰማዩ ነውና።

ከቃሉ ቀጥሎ ጨው አለ። አሞሌ የሚቈረጠው ከባሕር ወለል በታች ከሚገኘው ከአፋር የጨው ሜዳ፣ ከአሳሌና ከዳሎል አካባቢ ነው። ያ ሜዳ በጥንተ ዘመን ቀይ ባሕር ገብቶበት የነበረ፣ በኋላ መግቢያው ተዘግቶ ውሃው በፀሐይ ኀይል ሲተን ጨው ብቻ የቀረበት ስፍራ ነው። አሞሌው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ደጋውን ይወጣና በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገበያዎች እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር፤ ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠንም ዋጋው ከፍ ይል ነበር። እንግዲህ ባሕር አይቶ የማያውቀው የደጋ ገበሬ የደረቀ ባሕር ቍራጭ በስልቻው ይዞ ገበያ ይወጣ ነበር ማለት ነው።

ሠዓሊዎቻችንም እንዲሁ ባሕርን ሳያዩ ሥለውታል። ሙሴ ሕዝቡን ሲያሻግር፣ ፈርዖንም ከነሠራዊቱ ሲሰጥም የሚያሳየው ሥዕል በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ይገኛል። ውሃው በደረቅ መስመር ተከፋፍሎ፣ ዓሣዎቹ በፈረሶቹ እግር መካከል ተሰግስገው፣ የሰጠሙት ሰዎች ዐይናቸውን እንደ ገለጡ ይታያሉ። ይህን የሠራው ሰው ምጽዋን ያየ አይመስለኝም። ያየው የቀደመውን ሠዓሊ ሥራ ነው፤ ከዚያም የራሱን ዓሣ ጨመረበት። ለመሆኑ የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ባሕር ማዶ ከመጣ አዲስ መሣሪያ የራቁ ነበሩን? አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ላይ በዐረብኛ የታተመው ወንጌል በእንጨት ቅርጽ የታተሙ ሥዕሎች ነበሩበት፤ መጽሐፉም ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ሥራ ላይ ጥሩ አድርጎ ታይቷል። ሠዓሊው የማተሚያ ቤቱን ጥቍርና ነጭ መስመር ወስዶ በራሱ ቀይና ቢጫ ሞላው፤ የፊቱንም መልክ ወደ ራሱ አገር ሰው መለሰው። ያ ዘመን የነበረው አዲስ ዘዴ ማተሚያ ነበረ፤ የእኛው ዘመን ደግሞ ኮምፒዩተር ነው።

በጋይንት ያለችውን ቤተልሔምን የምታውቋት ይህን ለመረዳት አይቸግራችሁም። ቤተልሔም በድጓ ትምህርቷ ስመ ጥር ናት፤ ዙር አምባም በዝማሬ መዋሥዕት እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ቤተልሔም ደርሶ፣ ከውጭ ሲያዩዋት ክብ በሆነችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን የሆነ እጅግ የቈየ ሕንጻ መኖሩን አይቶ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ለአገሩ ካህናት ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሁልጊዜም የሚቀድሱት በዚያው ውስጥ ነበርና። ያን ያስታወስሁት አሮጌውን ሳያፈርሱ አዲሱን በላዩ የማልበስ ሥራ በአገራችን ልማድ እንደ ሆነ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ልግባ።

ጉስታቭ ለ ግሬ በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1820 የተወለደ፣ በመጀመሪያ ሠዓሊነትን የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 እና በ1857 በኖርማንዲ ጠረፍና በሜዲትራኒያን ዳር ያነሣቸው የባሕር ፎቶግራፎች በፓሪስና በለንደን ታላቅ አድናቆት አተረፉለት። ከእነርሱም መካከል ሴት ከተባለችው የወደብ ከተማ ያነሣው «ታላቁ ማዕበል» ይገኛል። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት መድኃኒት ኮሎዲዮን ነበር። ይህን በመስተዋት ላይ አፍስሰው፣ በብር ጨው ነክረው፣ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ከትተው፣ ሳይደርቅም ያጥቡታል። መድኃኒቱ ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ንቁ፣ ለሌላው ቀለም ግን ደካማ ነበር። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ለባሕሩ የሚበቃ ብርሃን ቢሰጥ ሰማዩ ከመጠን በላይ ይጠቃና በወረቀቱ ላይ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ለሰማዩ ቢያስብ ደግሞ ባሕሩ ይጨልማል። የዚያ ዘመን ሥዕሎች ሰማያቸው ባዶ ሆኖ የሚታየው ደመና ስላልነበረ አይደለም።

ለ ግሬ ችግሩን የፈታው በሁለት ኔጋቲቭ ነው። አንዱን ለባሕሩ፣ ሁለተኛውን ለደመናው አነሣና ሲያትም አንዱን በሌላው ላይ ጋረደ፤ ሁለቱ የሚገናኙበትም ስፍራ ሰማይና ውሃ የሚለያዩበት ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። ባሕር ለዚህ ሥራ የተመቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተራራ ቢሆን ኖሮ መጋጠሚያውን መደበቅ ባልቀለለም ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች ሥራዎቹን ጎን ለጎን ሲመረምሩ አንዱ ደመና በሁለት ልዩ ልዩ ባሕሮች ላይ ተንሳፍፎ ያገኙታል። ይህ ማታለል ነው ወይስ ጥበብ? በእኔ አስተያየት ለ ግሬ ሐሰት ተናገረ አይባልም፤ ዐይን በአንድ ጊዜ የሚያየውን፣ መድኃኒቱ ግን በአንድ ጊዜ ሊይዘው ያልቻለውን መልሶ አንድ አደረገው። ይሁን እንጂ እንዲህ አድርጌዋለሁ ብሎ በሥዕሉ ላይ አልጻፈም፤ ይህን ዝምታውን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ። ለ ግሬ በዕዳ ተጨናንቆ አገሩን ለቀቀና በመጨረሻ ግብጽ ገባ፤ በካይሮ ሥዕል እያስተማረ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1884 በዚያው ሞተ። የባሕር ፎቶግራፍ አባት ሊባል የሚገባው ይህ ሰው የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው ከስማዳ በታች የሚያልፈውን የዓባይን ውሃ እየጠጣ ነው።

በዚሁ መድኃኒት የታጠቁ ፎቶ አንሺዎች ብዙም ሳይቈይ ወደ እኛው አገር መጡ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ሲወርድ ከመሐንዲሶቹ ጋር የፎቶግራፍ ክፍል ነበረው። መርከቦቹን፣ የወደቡን ድልድይ፣ ሰፈሩን፣ ከዚያም መንገዱን እስከ መቅደላ ድረስ አነሡ። ዙላ ላይ የሚጠጣ ውሃ ስላልነበረ ለሰውና ለከብት የሚሆነውን በመርከቦቹ የእንፋሎት መሣሪያ ከባሕሩ እያጣሩ ያድሉ ነበር፤ ፎቶ አንሺው መስተዋቱን የሚያጥብበትም ውሃ ከዚሁ ይቈነጠር እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። በዚያው ወራት ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ጨጨሆን አልፈው ወደ መቅደላ ይጓዙ ነበር። አንዱ ጉዞ ካሜራ ነበረው፤ ሌላው አልነበረውም። ከዙላው ጉዞ አልበሞች ቀሩልን፤ ከጋይንቱ ጉዞ አንድም ፎቶግራፍ የለንም። የንጉሠ ነገሥቱም ቢሆን በሕይወት ሳሉ የተነሣ፣ በእርግጠኝነት የእርሳቸው ነው የሚባል ፎቶግራፍ አልተገኘም። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በዚያው ዓመት ክረምት ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ አገር፣ ዋይት በተባለችው ደሴት፣ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያንን ፎቶግራፍ ያየ ሁሉ ፊቱን አይረሳውም።

እንግዲህ ፎቶግራፍ ወደ እኛ የመጣው በባሕር በኩል ነው። ከዚያም በኋላ በየፎቶ ቤቱ የተሰቀለውን መጋረጃ አስታውሱ። ውሃ፣ ዘንባባ፣ አንዳንድ ጊዜም መርከብ የተሣለበት ጨርቅ ነበር። ደንበኛው በዚያ ፊት ቆሞ፣ ኮቱን ቈልፎ፣ የባሕር ዳር ሰው ሆኖ ይነሣ ነበር። ማንም አልተታለለም፤ ጨርቅ መሆኑን አንሺውም ተነሺውም ተመልካቹም ያውቁ ነበርና። ኔጋቲቩን በእርሳስ ማስተካከል፣ የታተመውንም በእጅ ቀለም መቀባት የሙያው ክፍል ነበር። ዛሬ መጋረጃው በኮምፒዩተር ይገባል፤ ጠርዙ ሳይታይ፣ ጨርቁም ሳይጨማደድ። ለውጡ ታላቅ የሆነው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መጋጠሚያው ጠፋ። ከመጋጠሚያውም ጋር አብሮ የጠፋው የሦስቱ ወገኖች ስምምነት ነው።

ከዚህ የተነሣ በየአገሩ ያሉ አያሌ የባሕር ፎቶ አንሺዎች ወደ ቀድሞው ዘዴ ተመልሰዋል። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሱጊሞቶ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በልዩ ልዩ የዓለም ክፍል ባሕርን በትልቅ ካሜራና በጥቍርና ነጭ ፊልም ሲያነሣ ኖሯል፤ ከሥዕሉ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ሰማይ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሌሎቹ ደግሞ ሁለቱን ዘመን ያጋባሉ። በዲጂታል ካሜራ ያነሡትን በኮምፒዩተር አስተካክለው፣ ብርሃኑን ወደ ጥላ ጥላውን ወደ ብርሃን ገልብጠው፣ በቀለም ማተሚያ በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ ያትሙታል፤ ይህም ልክ እንደ ቀድሞው ኔጋቲቭ ይሆናል። አሜሪካዊው ዳን በርክሆልደር እ.ኤ.አ. በ1995 ስለዚህ አሠራር መጽሐፍ ካወጣ ወዲህ ዘዴው በብዙ አገር ተለምዷል። ላስቲኩን በእጅ መድኃኒት በተቀባ ወረቀት ላይ አድርገው በፀሐይ ያትሙታል። ጨለማ ክፍል አያስፈልግም፤ ማጉያ መሣሪያም አያስፈልግም።

ከእነዚህ የፀሐይ ኅትመቶች ቀላሉና ርካሹ ሳያኖታይፕ የሚባለው ሰማያዊ ኅትመት ነው። የፈለሰፈው እንግሊዛዊው ጆን ሄርሼል እ.ኤ.አ. በ1842 ነው፤ በማግሥቱ ዓመት አና አትኪንስ የተባለች ወይዘሮ በዚሁ ዘዴ የባሕር ውስጥ ዕፀዋትን በወረቀቱ ላይ በቀጥታ እያስቀመጠች የፎቶግራፍ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረች። የመጀመሪያው የፎቶግራፍ መጽሐፍ የተሠራው ከባሕር በወጣ ሣር ነው ማለት ነው። ሥራው ሁለት የብረት ጨዎችን ይፈልጋል። አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ ነው፤ ስማቸው ፌሪክ አሞንየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ ይባላል። በየብቻቸው በውሃ በጥብጠው፣ እኩል በእኩል ቀላቅለው፣ በደብዛዛ ብርሃን ወረቀቱን በብሩሽ ይቀቡታል። ሲደርቅ ኔጋቲቩን ከላዩ፣ ከኔጋቲቩም ላይ መስተዋት አድርገው ፀሐይ ላይ ያወጡታል። ወረቀቱን የሚለውጠው በዐይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር ነው፤ ይህ ጨረር ከፍታ በጨመረ ቍጥር ይበረታል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። የለንደን ፎቶ አንሺ በጋ እስኪመጣ የሚጠብቀውን ፀሐይ እኛ በጥር ማለዳ በደጃችን እናገኘዋለን።

ይህ ሁሉ ደግሞ ምን ዐይነት ሥዕል ለመሥራት ነው? እዚህ ላይ የአይዳ ሙሉነህን ሥራ ላንሣ። አይዳ እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ተወልዳ፣ በልጅነቷ በየመንና በቆጵሮስ፣ ኋላም በካናዳ ያደገች፣ በአሜሪካ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ፎቶግራፍ አንሺ ናት። ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በዜና ፎቶግራፍ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አገሯ ተመልሳ በ2010 የአዲስ አበባውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል መሠረተች። እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤይድ የተባለው የውሃ በጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ውሃ እጦት እንድትሠራ ጠይቋት በዳሎል አሥራ ሁለት ሥዕሎች ሠራች፤ እነዚህም በማግሥቱ ዓመት በለንደን ከተማ በሶመርሴት ሐውስ ታይተዋል። እኔ እነዚህን የአገራችን የባሕር ሥዕሎች ብዬ እቈጥራቸዋለሁ። ቀደም ብዬ እንዳልሁት ዳሎል ውሃው የተነነ ባሕር ነውና።

በሥዕሎቹ ውስጥ ሴቶች በደረቁ መሬት ላይ ይቆማሉ። ልብሳቸው ቀይ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ነው፤ ፊታቸውና እጃቸው በቀለም ተቀብቷል፤ የውሃ መያዣ ይዘዋል። ቀለሙ በኮምፒዩተር የተጨመረ አይደለም፤ በሰው ገላ ላይ በእጅ የተቀባ ነው። ያ ያልተቀላቀለ ቀለም፣ ያ ፊት ለፊት የሚመለከት ትልቅ ዐይን ከየት እንደ መጣ ለእኛ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም፤ እርሷም የቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል እንዳነቃቃት ተናግራለች። ካሜራውና የማጠናቀቂያው ሥራ የዲጂታሉ ዘመን ነው፤ ዐይኑ ግን የግድግዳው ሠዓሊ ዐይን ነው። ከዚህ ይበልጥ የማደንቀው አንድ ነገር አለ። እነዚህን ሥዕሎች ያየ ሰው «እውነት ነው ወይስ የተሠራ?» ብሎ አይጠይቅም። የተሠሩ መሆናቸውን ገና ሲያዩዋቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ለ ግሬ ዝም ብሎ የደበቀውን መጋጠሚያ እርሷ በቀለም አጕልታ አሳየችው።

ይህን ሁሉ ካመሰገንሁ በኋላ የሚከነክነኝንም ልናገር። አይዳ ዓላማዋ ተመልካቹን በተለመደው የችግር ምስል ሳይሆን በውበት ስቦ እንዲያስብ ማድረግ እንደ ሆነ ገልጣለች። ይህን የምትለው በምክንያት ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም በዓለም ሲታይ እርዳታ አስገኝቷል፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሰሜን ኢትዮጵያ ሰው በውጭው ዓለም የሚታወቀው በዚያ ምስል ብቻ ሆኖ ቀረ። ጋይንትና ስማዳም ዝናብ በጠፋበት ዓመት ሁሉ ስማቸው ከእርዳታ ዝርዝር ላይ የማይጠፋ አገሮች ናቸውና እንግዳ ካሜራ ወደ እኛ ሲመጣ ምን ሊያነሣ እንደ መጣ አስቀድመን እናውቃለን። የአይዳ ሥዕሎች ይህን ልማድ ሰብረዋል። ሆኖም ከበሽሎ አፋፍ ላይ ጀሪካን አዝላ የምትወጣዋ የስማዳ ሴት በለንደን አዳራሽ የተሰቀለችውን ባለ ቀይ ቀሚስ ብታያት «ይህች እኔ ነኝ» ትላለችን? አይመስለኝም። ቀሚሱ አይቈሽሽም፤ ጀርባዋ አይጎብጥም። አንዱ ምስል ክብሯን ይወስድባታል፤ ሌላው ድካሟን። ሁለቱንም ሳይወስድ የሚያሳያት ሥዕል ገና አልተሠራም ብል የምሳሳት አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለውን ሥዕል መሥራት ደግሞ ከለንደንም ከአዲስ አበባም ይልቅ አፋፉ ሥር ለሚኖረው ፎቶ አንሺ የቀረበ ሥራ ነው።

ባሕሩስ? ባሕሩም ከዚያው አለ። ስማዳ ከደቡብ በዓባይ፣ ከምሥራቅ በበሽሎ የተከበበች ናት። አፋፉ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የወንዞቹ ወለል ከ1,500 ሜትር በታች ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረበት ማግሥት፣ ጎሕ ሲቀድ ያ ገደል በሙሉ በጉም ይሞላል። አምባዎቹ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ጉሙም በነፋሱ እየተገፋ አፋፉን ይመታና ይመለሳል። ባሕር ያላየ ሰው ይህን አይቶ ባሕር አየሁ ቢል የሚወቅሰው የለም። እኔም የማሳስበው ይህን ጉም አንሥቶ በኮምፒዩተር ውሃ አድርጎ መሸጥ እንዳይሆን ነው፤ ዛሬ ያ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ገዢም አይጠፋለትም። ጉሙን ጉም አድርጎ፣ በሰማያዊው ወረቀት ላይ በፀሐይ አትሞ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። ቀለሙ የባሕር ይሆናል፤ በብሩሽ የተቀባው ጠርዝ ሰው በእጁ እንደ ሠራው ይመሰክራል፤ ተመልካቹም የሚያየው ነገር ከየት እስከ የት የካሜራ፣ ከየት እስከ የት የእጅ ሥራ እንደ ሆነ ያውቃል።

የቀድሞ ፎቶ ቤቶቻችን በሥዕሉ ጀርባ ማኅተም ይመቱ ነበር። ብዙዎቻችን ትተነዋል። ብንመልሰው፣ ከማኅተሙም ሥር አንዲት መስመር ብንጨምር መልካም ይመስለኛል፤ «ከአንድ ኔጋቲቭ»፣ «ከሁለት ምስል የተጋጠመ»፣ «ሰማዩ ከሌላ ቀን» እያልን። ከመካከላችን ይህ ገበያችንን ይጎዳዋል የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ይጎዳው እንደ ሆነ ሞክረን እንየው፤ እስካሁን ሳንጽፍ የኖርንበት ዘመን ደንበኛውን ሁሉን እንዲጠራጠር ነው ያስተማረው።

ከመጨረስ በፊት ስለ ሥራው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሰማያዊው ኅትመት ከፀሐይ እንደ ወጣ በውሃ ይታጠባል፤ ነጩ ክፍል ላይ ያለው ቢጫ እስኪለቅ ድረስ ውሃውን ደጋግሞ መለወጥ ያስፈልጋል። ሳሙና የነካው ውሃ ግን አይሁን፤ ሰማያዊውን ያጠፋዋል። ኅትመቱ ለብዙ ጊዜ ብርሃን ላይ ተሰቅሎ ቢደበዝዝም በጨለማ ሲያሳርፉት ቀለሙ መለስ ይላል። ውሃው ግን ከየት ይመጣል? በበጋ በአርብ ገበያ ወይም በወገዳ ለአንድ ሥዕል ሁለትና ሦስት ባልዲ ውሃ ማፍሰስ ማለት ያቺ ከአፋፉ በታች የወጣችዋ ሴት ያዘለችውን ማፍሰስ ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የጣሪያ ውሃ በበርሜል ይሞላል፤ ፀሐይ ግን የለም። ስለዚህ ኔጋቲቩን በክረምት አዘጋጅቶ፣ የጣሪያውን ውሃ ከድኖ አቈይቶ፣ ኅትመቱን ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ መሥራት ይሻላል። በዚያን ጊዜ ፀሐዩም ይወጣል፤ ምንጩም ገና አይጎድልም፤ ማለዳ ማለዳም ጉሙ በበሽሎ ላይ ይተኛል። የታጠበበትንም ውሃ ወደ ጓሮ ተክል ሳትደፉ ራቅ አድርጋችሁ ጉድጓድ ውስጥ አፍስሱት።